ሞተርሆም ካምፕ ላይ ስታቆሙ፦ መጀመሪያ ውሃ ልክ፣ ከዚያ ስላይድ

ሞተርሆም (አርቪም ይባላል፣ ውስጡ መኝታና ኩሽና ያለው መኪና) ተከራይቶ ወይም ገዝቶ ካምፕ ለሚወጣ ሰው ከመንዳቱ ይልቅ የሚከብደው ማቆሙ ነው። መንዳቱን በግማሽ ቀን ትለምዱታላችሁ። ቦታው ላይ ደርሶ መኪናውን ደልደል አድርጎ ማቆምና ስላይዱን ማውጣት ግን ቅደም ተከተል አለው። እሱ ሲዘለል ወይ ፍሪጁ ይሞታል፣ ወይ ስላይዱ ይጣመማል፣ ወይ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አንድ ግድግዳ ሲንሸራተት ያድራል። እዚህ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ዘመድ ሰብስቦ በአርቪ የሚወጣ ሐበሻ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል፤ መኪናውን የሚያከራየው ሰው ግን ቁልፉን ሲያስረክብ ይህን ሁሉ በጥድፊያ አሳይቶ ስለሚሄድ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ስላይድ የምለው መኪናው ሲቆም ከጎኑ እንደ መሳቢያ ወደ ውጪ የሚወጣውን የሳሎን ወይም የመኝታ ክፍል ነው። ሁሉም ሞተርሆም የለውም። ብዙ የኪራይ መኪኖች ስላይድም ሆነ ከስር የተገጠመ ክሪክ የላቸውም፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ የማስተካከሉን ክፍል ብቻ አንብቡ።

ለምን ይስተካከላል?

ብዙ ሰው ማስተካከል ለእንቅልፍ ምቾት ብቻ ይመስለዋል። ምቾቱም አለ። ዋናው ምክንያት ግን ፍሪጁ ነው። በብዙ ሞተርሆሞች ውስጥ ያለው ፍሪጅ እንደ ቤታችን ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት ነው የሚሠራው። አሞኒያና ውሃ ተቀላቅለው ይፈላሉ፣ አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ደግሞ በራሱ ክብደት በቱቦዎቹ ውስጥ እየወረደ ይመለሳል። የሚገፋው ፓምፕ የለም። መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ መንገዱ ላይ ይቀራል፤ ማሞቂያው ግን አያውቅም፣ ማንደዱን ይቀጥላል። ቱቦው እንዳይዝግ የተጨመረው ኬሚካል ከመጠን በላይ ሲግል ይረጋና መተላለፊያውን ይደፍናል። አንዴ ከተደፈነ አይመለስም፣ የማቀዝቀዣው ክፍል በሙሉ ነው የሚቀየረው። ከዚህም የባሰ፣ የጋለ ቱቦ ተሰንጥቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለሦስት ቀን ተብሎ የተጫነ ዶሮ ወጥና ክትፎ ያለበት ፍሪጅ በመጀመሪያው ሌሊት ሲቆም ደግሞ አስቡት።

የእነዚህ ፍሪጆች መመሪያ በተለምዶ የሚሰጠው ገደብ ወደ ጎን 3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 6 ዲግሪ ነው። የእናንተን መመሪያ አመሳክሩ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 2 ሜትር ያህል ካለ 3 ዲግሪ ማለት የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ይህ በዓይን በደንብ የሚታይ ነው፤ እና ከዚያ በጣም ባነሰ ማዝመም ላይ መተኛት ራሱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለሰው እስኪመች ካስተካከላችሁ ለፍሪጁም ይበቃል። አዲሶቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጆች ለዚህ ብዙ አይጨነቁም። የሻወሩ ውሃ ወደ ፍሳሹ መውረድ፣ የታንኮቹ መለኪያ ልክ መናገር፣ በሩ በራሱ አለመከፈት፣ እነዚህም ሁሉ መኪናው ደልዳላ መሆኑን ይፈልጋሉ። ስላይዱማ በተለይ። ዘሞ የቆመ መኪና ላይ ስላይድ ማውጣት ማለት ያን ሁሉ ክብደት፣ ከነሶፋውና ከነፍሪጁ፣ ሽቅብ መግፋት ወይም ቁልቁል መልቀቅ ነው።

ቦታውን ከመያዝ ጀምሮ

የፌዴራል ካምፖች የሚያዙበት ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ እያንዳንዱን ቦታ ስትከፍቱት የማቆሚያውን ርዝመት፣ ወለሉ አስፋልት ይሁን ጠጠር፣ መሬቱ ተዳፋት መሆን አለመሆኑን፣ በኋላ ማርሽ የሚገባበት ይሁን ቀጥ ብሎ የሚታለፍበት ይጽፋል። ብዙ ሰው ፎቶውን ብቻ አይቶ ይይዛል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ግማሹን ሥራ ይቀንስላችኋል።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው በስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ትልልቅ ሞተርሆሞች ጣሪያቸው ላይ ካለው ኤሲ ጋር ወደዚህ ቁመት ይጠጋሉ፣ ከዚህ የሚበልጡም አሉ። የመኪናችሁን ቁመት ሹፌሩ ፊት ለፊት ለጥፉት። ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ለመድረስ ከሰሜን ከመጣችሁ ዋሻው መንገዳችሁ ላይ ነው፤ ቁመቱ ካሰጋችሁ ከደቡብ በስዊፍት ረን ጋፕ መግቢያ በኩል ግቡ። ቢግ ሜዶውስ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሰካበት የለም፤ ይህ ለስላይዱ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቦታው ጋ ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ። አቁሙ፣ ውረዱ፣ በእግራችሁ ዙሩት። መሬቱን እዩ፣ ከዚያ ቀና ብላችሁ ቅርንጫፎቹን እዩ። ስላይድ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ሊወጣ ስለሚችል ከዚያ ጎን ያለው ነገር ሁሉ፣ ዛፍ፣ የሽርሽር ጠረጴዛ፣ የእሳት ማንደጃ ቀለበት፣ የጎረቤት መኪና፣ ከዚያ በላይ መራቅ አለበት። በጣም የሚመታው ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶው ነው። ምክንያቱም በአሜሪካ ካምፖች መብራቱም ውሃውም ፍሳሹም በተለምዶ በሹፌሩ ጎን ነው ያሉት፣ ትልቁ የሳሎን ስላይድም ብዙ ጊዜ በዚያው ጎን ነው። ስትገቡ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይምራችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ አጥፉ። የሚመራችሁን ሰው በመስታወት ማየት ካልቻላችሁ ቁሙ፣ እሱ ባይላችሁም።

መሬቱ ቁልቁል ከሆነና ምርጫ ካላችሁ አፍንጫው ዝቅ ወዳለው በኩል ይሁን። የፊቱን ማንሳት ይቻላል። የኋላውን ማንሳት ግን አደጋ አለው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ክሪክ የሌለው መኪና

ውሃ ልክ ያስፈልጋችኋል፣ ግንበኛ የሚይዘው ዓይነት፣ አጭሩ ይበቃል። የስልክ አፕም ይሠራል፣ ግን ስልኩ ከጀርባው ካሜራው ወጣ ያለ ከሆነ ተዘንብሎ ስለሚቀመጥ ይዋሻል። ውሃ ልኩን ፍሪጁ አጠገብ ወለሉ ላይ አድርጉት፣ አንዴ በመኪናው አግድም፣ አንዴ በርዝመቱ። የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብቻ አትመኑ፣ ሁልጊዜ ከወለሉ ጋር እኩል አይደለም።

ዝቅ ባለው በኩል ጎማው ሥር የሚገባው ወይ ፕላስቲክ ብሎክ ነው ወይ ወፍራም ጣውላ። ፕላስቲኮቹ እንደ ሌጎ ይገጣጠማሉ፣ እያንዳንዱ ደርብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሳል። ወደ ላይ የምትወጡበትን በደረጃ ደርድሩት፣ ቀስ ብላችሁ ንዱበት። ጎማው ሙሉ በሙሉ ብሎኩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ግማሹ አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ውስጡ ይጎዳል። ከኋላ መንታ ጎማ ካለ ሁለቱም ብሎኩ ላይ ይውጡ። አንዱ ብቻ ሁሉንም ክብደት እንዲሸከም ማድረግ አይቻልም፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።

ከዚያ ማርሹ ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬን፣ በመጨረሻ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረግ ማገጃ)። ታኮውን በብሎክ ላይ ባልወጡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም አድርጉ። ብዙ ሰው ከስር የሚዘረጉትን ቀጫጭን ማረጋጊያ እግሮች እንደ ክሪክ ሊጠቀምባቸው ይሞክራል። እነሱ መኪናው እንዳይወዛወዝ ነው እንጂ እንዲያነሱ አልተሠሩም፣ ይጣመማሉ።

ከስሩ ክሪክ ያለው መኪና

ትልልቆቹ በቁልፍ የሚወርዱ ሃይድሮሊክ ወይም የኤሌክትሪክ ክሪኮች አሏቸው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን መመሪያው እንደሚለው አድርጉ፣ ሞተሩ ይነሳ ወይም ይጥፋ የሚለውንም ከዚያው እዩ፣ ከመኪና መኪና ይለያያል። ክሪኮቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ጣውላ ወይም የክሪክ መደላድል አስቀምጡ። ጠጠርና እርጥብ ሣር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። በሐምሌ ፀሐይ የለሰለሰ አስፋልት ላይም ይሰምጣል፣ ጠባሳም ይተዋል።

አውቶማቲክ ካለው ቁልፉን ተጭናችሁ ከመኪናው ውስጥ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሰው ውስጥ ሲንቀሳቀስ መለኪያው ይዛባል። ሲጨርስ ግን አረንጓዴ መብራቱን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፣ ውሃ ልኩን አስቀምጡና እዩ፣ ከዚያ ውጪ ውጡና ጎማዎቹን እዩ።

በእጅ ከሆነ ክሪኮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ሁለቱን የፊት፣ ሁለቱን የኋላ፣ ሁለቱን የግራ፣ ሁለቱን የቀኝ። አንድ ማዕዘን ብቻ ለይቶ ማንሳት ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን አጽም፣ ያጣምማል። ሻንሲው ሲጣመም የፊት መስታወቱ ሊሰነጠቅ፣ የስላይዱ ክፈፍም ሊወላገድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ስላይዱ በአንድ በኩል ይነክሳል። በመጀመሪያ ሁሉም መሬት ይንኩ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለውን ጎን ወይም ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ አንሱ።

እና የኋላ ጎማዎች። የኋላ ጎማዎች ከመሬት እንዲነሱ አታድርጉ። የእጅ ፍሬኑ መኪናውን የሚይዘው በኋላ ጎማዎች ነው፤ በአንዳንድ ትልልቅ የቤንዚን ሞተርሆሞች ላይ ደግሞ ፍሬኑ ጎማውን ሳይሆን ካርዳኑን (ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ) ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ እንኳ ቢነሳ ኃይሉን ለሁለቱ ጎኖች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያን ጎማ በነፃ ያዞረውና ፍሬኑ ምንም ሳይዝ ይቀራል፣ መኪናው ከክሪኮቹ ላይ ተንሸራትቶ ሊሄድ ይችላል። ክሪኮቹ እስከ መጨረሻ ወርደው ካልተስተካከለ ክሪኮቹን ሁሉ ወደ ላይ ሰብስቡና ጎማዎቹ ሥር ብሎክ አስገብታችሁ እንደገና ጀምሩ፣ ወይም ቦታ ቀይሩ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ። ኳስ ለማውጣትም ቢሆን። ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስላይዱን ማውጣት

አብዛኞቹ ሞተርሆሞች መጀመሪያ ተስተካክለው ከዚያ ስላይድ ይወጣል። አንዳንድ አምራቾች ግን ስላይዱን አውጥታችሁ ከዚያ አስተካክሉ ይላሉ። በዚህ ላይ የመኪናችሁ መመሪያ ያለው ነው የሚሠራው፣ የእኔም የጎረቤታችሁም ምክር አይደለም። ስትከራዩ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ውስጡን ዙሩ። የሹፌሩንና የተሳፋሪውን ወንበር ወደ ፊት ሳቡ፣ ምክንያቱም በብዙ መኪኖች የስላይዱ ጠርዝ ከወንበሩ ጀርባ ጋር ነው የሚጋጨው። መሳቢያና ቁም ሳጥን ዝጉ። ወለሉ ላይ ጫማ፣ ቻርጀር፣ የውሃ ጠርሙስ አይኑር። በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ የተሰካ ማገጃ ብረት ወይም መቆለፊያ ካለ አውጡት፤ ይህ ተረስቶ ቁልፉ ሲጫን የሚሰበረው ነገር ውድ ነው። ከውጪ ደግሞ በስላይዱ ሥር ያሉት የዕቃ ማስቀመጫ በሮች ዝግ ይሁኑ። አንድ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፤ ስላይዱ ሲንቀሳቀስ አየር ይስባል ይገፋልም፣ የሚወጣበት ካላገኘ ዙሪያውን ያለውን የጎማ ማሸጊያ ይገለብጠዋል።

ኃይሉን ደግሞ አስቡ። የስላይድ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። ሙሉ ቻርጅ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ምንም ሳይሠራ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ስላይዱን አትንኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ካምፑ መብራት ካለው መጀመሪያ ሰኩ። እንደ ቢግ ሜዶውስ መብራት የሌለበት ከሆነ መመሪያው ሞተር ይጥፋ ካላለ ሞተሩን አስነሱ ወይም ጄኔሬተር ተጠቀሙ፣ በብሔራዊ ፓርኮች ጄኔሬተር የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓቶች መሆኑን ግን አትርሱ። መሽቶ ከደረሳችሁ ይህ ያስቸግራል።

አሁን አንድ ሰው ውጪ ይቁም፣ አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ ልጆች ሁሉ ውጪ ወይም መቀመጫ ላይ ይሁኑ። ቁልፉን ተጫኑና እስከ መጨረሻው ሳትለቁ ያዙ። መሃል ላይ እየቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ እንደገና እየገፉ መሄድ ጥሩ አይደለም። አደጋ ካየ ውጪ ያለው ሰው ይጮኻል፣ ያኔ ልቀቁ። ሽዊንቴክ የሚባለው ዓይነት በግራና በቀኝ የየራሱ ሞተር አለው፤ እነዚህ ሁለቱ እንደገና እኩል የሚሆኑት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ስለሆነ ከቆመ በኋላም ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቁልፉን ያዙ። ጆሯችሁን ስጡት። ድምፁ ከለመዳችሁት ከተለወጠ፣ ከከበደ፣ ከተንቋቋ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከቀደመ አቁሙ። በኃይል አይሆንም።

ሲወጣ ማሸጊያ ጎማውን ዙሪያውን እዩ። የታጠፈ ወይም ወደ ውስጥ የተገለበጠ ካለ በእጅ አስተካክሉ፤ ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ ማሸጊያውን ለጎማ በተሠራ፣ ፔትሮሊየም በሌለበት ቅባት አልፎ አልፎ ቀቡት።

ሳሎኑ ሰፍቶ ሁሉም ሲቀመጥ ቡና እናፍላ መባሉ አይቀርም። ከሰል ግን ውስጥ አይነድም። ስላይድ ቢወጣም፣ መስኮት ቢከፈትም ሞተርሆም ጠባብ ክፍል ነው፣ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጀበናውን ውጪ አውጡት።

አልንቀሳቀስም ሲል

አትደንግጡ፣ አብዛኛው ምክንያት ቀላል ነው። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል? ብዙ ስላይዶች ፍሬን ካልተያዘ አይሠሩም። የመኪናው ቁልፍ በሚፈለገው ቦታ ነው? ባትሪው ስንት ቮልት ነው? ፊውዙ ተቃጥሏል? እነዚህን ሳታዩ ቴክኒሺያን አትጥሩ። ሽዊንቴክ ከሆነና ሁለቱ ጎኖች ከተዛነፉ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያስተካክላቸዋል። ጨርሶ እምቢ ካለ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ያለውን ትንሽ ቁልፍ 6 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጭናችሁ 7ኛውን 5 ሰከንድ ያህል ስትይዙት ቀይና አረንጓዴ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ፣ ከዚያ በግድግዳው ቁልፍ ማስገባት ይቻላል። ሌሎቹ ደግሞ በእጅ የሚዞር ጫፍ አላቸው፣ በብሎን መፍቻ ወይም በድሪል የሚሠራ። የት እንዳለ ቤት ሳላችሁ፣ ቀን በብርሃን፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ስትነሱ

ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ መጀመሪያ ስላይድ ይገባል፣ ከዚያ ክሪክ ይነሳል። (መመሪያው ሌላ ካላለ።) ስላይዱን ከማስገባታችሁ በፊት ጣሪያውን ጥረጉ። ቅጠል፣ የጥድ መርፌ፣ ትንሽ እንጨት፣ ሁሉም ተጎትቶ ከማሸጊያው ጋር ይገባል፤ አንድ ጠንካራ ቅርንጫፍ ጎማውን ይቀድዳል፣ ቀጥሎ ዝናብ ሳሎን ውስጥ ነው። መሰላልና ረጅም መጥረጊያ ይበቃል። ከላይ ሸራ ካለው ውሃ ያቆረ እንደሆነ አፍስሱት። ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ከተነሳም ያን ሸራ እንዳይቀድደው ስላይዱን ማስገባት ይሻላል፣ እንቅልፍ ቢቆርጥም።

ስላይዱ ሲገባ ወንበሮቹ አሁንም ወደ ፊት መሆናቸውን፣ ወለሉ ላይ ምንም አለመኖሩን እንደገና እዩ። ሰው ውስጡን ዘርግቶ ስለሚቆይ ሲወጣ ያልነበረ ነገር ሲገባ ይኖራል፣ በተለይ የልጆች መጫወቻ። ማገጃ ብረት ካለው መልሱት።

ክሪኮቹ ሲነሱ የዳሽቦርዱ መብራት ቢጠፋም ወርዳችሁ አራቱንም በዓይናችሁ እዩ። ጣውላዎቹን ሰብስቡ፣ ታኮዎቹን አንሱ፣ የመውጫ ደረጃው መግባቱን አረጋግጡ፣ ገመዱና የውሃ ቱቦው ከምሰሶው መነቀላቸውንም። መንገድ ላይ እያላችሁ የክሪክ ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ወይም ድምፅ ካሰማ ቤት እስክንደርስ አትበሉ። አንድ ክሪክ ቀስ ብሎ እየወረደ ሊሆን ይችላል። አመቺ ቦታ ላይ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ከመኪናው ሥር ሳትገቡ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ከወረደ እንደገና አንሱት፤ ተመልሶ ከወረደ ግን መካኒክ ሳያየው አትንዱት።